ያልሆኑትን መምሰል ሁልጊዜ ወንጀል ነውን?

በጐንደር የነገሥታቱን ግቢ የጐበኘ ተማሪ የዐፄ በካፋን ግንብ ሳያይ አይመለስም። እኒህ ንጉሥ (ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. የነገሡት) እንደ ተራ መንገደኛ ለብሰው በሕዝቡ መካከል ይዘዋወሩ ነበር ይባላል። ቋራ ላይ ታመው ያስታመማቸው ቤተሰብ ማንነታቸውን አላወቀም፤ የዚያው ቤት ልጅ ኋላ እቴጌ ምንትዋብ ሆኑ ሲሉ ያወራሉ።

ከእርሳቸው መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ዐፄ ያዕቆብ በ1599 ዓ.ም. ጎል ላይ በጦርነት ከሞቱ በኋላ ደግሞ፣ በሰሜን በኩል «ያዕቆብ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ተነሣ። ፊቴ ቆስሏል እያለ በጨርቅ ይሸፍን ነበር፤ ብዙ ሰውም ተከተለው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱም ያልሆኑትን መሰሉ። የሚለያቸው ሐሳባቸው ነው። በካፋ ከማንም የወሰዱት ነገር የለም (ሙሽራይቱ ካልተቆጠረች!)፤ ሐሰተኛው ያዕቆብ ግን የዐፄ ሱስንዮስን ዙፋን ፈለገ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በአንቀጽ 375 መሠረት ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀ ሰው የሚቀጣው የሌላውን መብት ወይም ጥቅም ለመጉዳት፣ አለዚያም ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት አስቦ እንደ ሆነ ነው።

ደባርቅ ላይ ያለ አንድ ወጣት ጸሐፊ እናስብ። ገበሬው ለአንዲት ደብዳቤ ከጃናሞራ በእግሩ መጥቷል፤ ሹሙ የሉም። ጸሐፊው አዝኖ የሹሙን ፊርማ አስመስሎ ፈረመ፤ ሳንቲምም አልተቀበለም። ደብዳቤው ለገበሬው በእርግጥ የሚገባው ከሆነ፣ ጸሐፊው የመሥሪያ ቤት ቅጣት ይገባዋል፤ ጉቦ ተቀብሎ የሰው መሬት በሐሰት ወረቀት ከሚያዛውረው ጋር ግን በአንድ ሚዛን መቀመጡ ፍርድ አይመስለኝም። ደብዳቤው የማይገባው ከሆነ ግን ርኅራኄው አያድነውም፤ ሕጉ «ለሌላ ሰው» ብሏልና።

ወጣት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ ድርጊቱ ከተረጋገጠ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ያልተገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳብ እንደ ነበረ ይገምታል። ጉዳዩ በዚህ አዋጅ ከታየ ንጹሕ ልቡን ማስረዳት የጸሐፊው ሸክም ይሆናል። ይህ ለትልቁ ሹም ቢገባም ለትንሹ ጸሐፊ ከብዷል እላለሁ። ገበሬው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ጃናሞራ ተመልሷል፤ ማን ይመስክርለት?