ሌባና ሕመምተኛ በአንድ ችሎት

ከጥቂት ቀናት በፊት ከምግብ አዳራሽ ወጥተን በር ላይ ቆመን ስንጫወት ስለ ስፖርተኞችና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን፣ «ሽንቱ ተመርምሮ አንዳች ነገር የተገኘበት ሁሉ አጭበርባሪ ነውና ለዘለዓለም ከሜዳ ይባረር» አለ። ሌላው ወገን፣ «ሰው በትርፍ ጊዜው ያጨሰውንና የቃመውን ማን ጠየቀው? ሩጫውን ይሩጥ እንጂ» ሲል መለሰ። የከሰዓቱ ትምህርት ደርሶ ክርክሩ ሳይቋጭ ተለያየን። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የሳቱት ነገር አለ ብዬ ስለማምን አሳቤን በዚህ መጽሔት ላይ ለመግለጽ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደ እኔ አስተያየት ችግሩ የመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ለአንድ ብልቃጥ ሽንት በመቅረባቸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ይህ ሰው ባልንጀራውን አታሏልን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ይህ ሰው ራሱን እየጎዳ ነውን?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የዳኛ ጥያቄ ሲሆን ሁለተኛው የሐኪም ነው። ዳኛና ሐኪም አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሌባው በሕመምተኛ ስም ያመልጣል፤ ሕመምተኛውም በሌባ ስም ይቀጣል።

ምርመራው ያለ ምክንያት የተጀመረ አይደለም። በ1967 እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሞን ቫንቱ የተባለውን ተራራ ሲወጣ ወድቆ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመርም አምፌታሚን የተባለው የሚያነቃቃ መድኃኒት ተገኘበት። በተከታዩ ዓመት፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ተወዳዳሪዎች ይመረመሩ ጀመር። በዚያ ምርመራ ከውድድር የተሰረዘው ሐንስ ጉናር ሊልየንዋል የተባለ ስዊድናዊ ነበር፤ ጥፋቱም ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት ቢራ መጠጣቱ ነው። ነገሩ ቢያስቅም ፍርዱ ትክክል ነበር። አልኮል የተኳሹን እጅ ከመንቀጥቀጥ ያሳርፋልና የጠጣው ካልጠጣው ይልቅ ብልጫ ያገኛል። ምርመራው ሊጠይቅ የሚገባውን ጠየቀ፤ ስለ ሰውዬው ጠባይ ሳይሆን በባልንጀራው ላይ ስላገኘው ብልጫ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በሰኔ ወር 2021 ሻካሪ ሪቻርድሰን የተባለች የ21 ዓመት አሜሪካዊት ሯጭ በኦሪጎን ግዛት በተደረገው የኦሊምፒክ ማጣሪያ የ100 ሜትር ሩጫን በ10.86 ሰከንድ አሸነፈች። ወላጅ እናቷ መሞቷን የሰማችው በዚያው ሰሞን፣ ያውም ከአንድ ጋዜጠኛ አፍ ነበር። ኀዘኑን ለመርሳት ሐሺሽ አጨሰች። በኦሪጎን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሐሺሽ ቢያጨስ ሕግ አይከሰውም። የሽንቷ ምርመራ ግን ገለጠባት፤ ለ1 ወር ታገደች፤ የማጣሪያው ውጤቷም ተሰረዘ፤ ቶኪዮም ቀረባት። በሐሺሽ ጭስ 100 ሜትርን ፈጥኖ የሮጠ ሰው አለን? ስፖርት የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፈገግ ይላል።

ይህ እንዴት ሆነ ቢሉ፣ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት (ዋዳ) አንድን ነገር ለመከልከል 3 መመዘኛዎች አሉት። ብቃትን ሊጨምር መቻሉ፣ ጤናን ሊጎዳ መቻሉና «የስፖርትን መንፈስ» መቃረኑ ናቸው። ከ3ቱ 2ቱ ከተሟሉ ይበቃል። እንግዲህ አንድ ነገር ብቃትን ሳይጨምር እንኳ በሌሎቹ በሁለቱ ብቻ ሊከለከል ይችላል ማለት ነው። የስፖርት መንፈስ ምን እንደሆነ ደግሞ በብልቃጥ አይለካም።

በዚህ ላይ የምርመራው ጠባይ ይጨመራል። ሐሺሽ የተከለከለው በውድድር ጊዜ ብቻ ነው። ነገር ግን ንጥረ ነገሩ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ስካሩ ካለፈ ከቀናት በኋላ፣ በአዘውታሪ ሰው ዘንድም ከሳምንታት በኋላ፣ ምልክቱ በሽንት ይገኛል። አረቄ ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ስለዚህ ብልቃጡ ሰውዬው ማጨሱን እንጂ መቼ እንዳጨሰ አጣርቶ አይናገርም። ዋዳ ራሱ ይህን ተረድቶ በ2013 የሐሺሹን መለኪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ15 ናኖግራም ወደ 150 ከፍ አደረገው። አልኮልን ደግሞ በ2018 ከተከለከሉት ዝርዝር ፈጽሞ አወጣው። ቡናችን እንኳ፣ ማለት በውስጡ ያለው ካፌይን፣ ከልክ ካለፈ የሚያስቀጣበት ዘመን ነበር፤ ነፃ የወጣው በ2004 ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ ሰዎች የጻፉት፣ ሰዎችም የሚያሻሽሉት እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

«ሕግ ሕግ ነው፤ ልጅቷ ደንቡን እያወቀች ጣሰችው» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው። እርሷም ጥፋቷን በአደባባይ አምናለች። እኔም ያልታረመ ሕግ እስካለ ድረስ ዳኛው በዚያው ይፍረድ እላለሁ፤ ለእርሷ ሲሆን የታጠፈ ሕግ ነገ ለኃያል ይታጠፋልና። ነገር ግን ዳኛው ትክክል መሆኑ ሕጉን ትክክል አያደርገውም። ይህች ሯጭ በ2023 በቡዳፔስት 100 ሜትርን በ10.65 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ወጣት ስለነበረች ጊዜ ካሳት። የመጨረሻ ዕድሉ ቢሆን ኖሮስ?

ዋዳን ሳላመሰግን ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። በ2021 በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ከስፖርት ውጭ በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚዘወተሩ ናቸው ያላቸውን 4 ነገሮች፣ ይኸውም ኮካይንን፣ ሄሮይንን፣ ኤክስተሲ የሚባለውንና የሐሺሽን ንጥረ ነገር፣ ለብቻቸው ለየ። ስፖርተኛው ከውድድር ጊዜ ውጭ እንደወሰደውና ከውድድሩ ጋር እንደማይገናኝ ካስረዳ ቅጣቱ 3 ወር ይሆናል፤ ተገቢውን ሕክምና ከተከታተለ ደግሞ ወደ 1 ወር ይወርዳል። ቀድሞ በዓመታት ይቆጠር የነበረው ቅጣት ማለት ነው። እነሆ፣ የዳኛው ወንበርና የሐኪሙ ወንበር በጥቂቱ ተራራቁ።

ነገሩ ወደ ቤታችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ4ቱ መካከል ጫት የለም። በጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት አነቃቂዎች ይቆጠራሉ፤ ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ያስጠይቃል። ስለዚህ በዋዜማው ቀን ከዘመዶቹ ጋር በርጫ ላይ ተቀምጦ የቃመ ሯጭ በማግስቱ ቢመረመርና ቢገኝበት የ3 ወሩ ምሕረት አይመለከተውም፤ መነሻ ቅጣቱ 2 ዓመት ሲሆን ጥፋቱ ቀላል መሆኑን አስረድቶ ለማስቀነስ የሚታገለው ራሱ ነው። በአንድ የአውሮፓ ከተማ በጭፈራ ቤት ኮካይን የወሰደው ግን በጥቂት ወራት ይመለሳል። ኮካይን አነቃቂ አይደለምን? በብዙ አገር የሚያሳስር ወንጀልስ አይደለምን? ጫት ግን በአገራችን በገበያ የሚሸጥ፣ በሐረር ሽማግሌ በዱዓ ላይ የሚቅመው ቅጠል ነው። ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎች «በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚዘወተር» ሲሉ የየትኛውን ኅብረተሰብ ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ መብታችን ነው።

ጫት ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ሲምፕሰንን በተራራው ላይ ያየነው ከዚያ ቤተ ሰብ ጋር ነው። በመነሻው መስመር ላይ መርቅኖ የሚቆም ሯጭ ቢኖር እንደ አታላይ ይቀጣ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለኮካይን የተከፈተው በር ለጫትም ይከፈት።

ሌላው ተቃውሞ፣ «ስፖርተኛ የወጣቶች አርኣያ ስለሆነ ርኅራኄ ያበላሻል» የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ አላልፈውም፤ ርኅራኄ በጓዳ ሲደረግ በእርግጥ ያበላሻልና። በአውስትራሊያ፣ ኳሱ በእጅም በሚያዝበት በእነርሱ ዓይነት እግር ኳስ፣ ሊጉ ከ2005 ጀምሮ ከዋዳ ደንብ ጎን የራሱ የአደንዛዥ ዕፅ ደንብ አለው፤ በዚህም መጀመሪያ የተገኘበት ተጫዋች ስሙ ሳይገለጥ ወደ ሐኪም ይላካል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በመጋቢት ወር 2024 አንድሩ ዊልኪ የተባሉ የሕዝብ እንደራሴ በፓርላማ ተነሥተው፣ ተጫዋቾች በምስጢር እየተመረመሩ፣ የተገኘባቸው በጨዋታ ቀን እንዳይያዙ ጉዳት ደረሰባቸው እየተባለ ከሜዳ ይቀራሉ ሲሉ ከሰሱ። ሊጉም ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ተጫዋች ከጨዋታ ማስቀረታቸው ተገቢ ነው፣ የሕመምተኛም ምስጢር ሊጠበቅ ይገባል ሲል ተከላከለ። በበኩሌ የሐኪምና የታማሚ ምስጢር ይከበር እላለሁ፤ ነገር ግን ለተመልካች «እግሩን ታሟል» እያሉ መናገር ሕክምና ሳይሆን ውሸት ነው። ምስጢር የሰውየው ስም እንጂ ደንቡ አይሁን።

የተሻለውን መንገድ ያየሁት በአሜሪካ ቤዝቦል ነው። በሐምሌ ወር 2019 ታይለር ስካግስ የተባለ የ27 ዓመት ተጫዋች በሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ፤ በሰውነቱም ፈንታኒልና ኦክሲኮዶን የተባሉ ከባድ ማስታገሻዎችና አልኮል ነበሩ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተስማምተው ሐሺሽን ከዝርዝራቸው አወጡ፤ ኮካይንንና እነዚያን ማስታገሻዎች ግን ምርመራ ውስጥ አስገቡ። የተገኘበት ሰው ወደ ሕክምና ይላካል፤ የሚቀጣው ሕክምናውን እንቢ ሲል ነው። ይህ ደንብ በግልጥ የተጻፈ ነው፤ የሚፈልገውም የሚገድለውን እንጂ የሚያሳፍረውን አይደለም።

እንግዲህ አሳቤን ላጠቃልል። አታላዩን፣ ማለት ደሙንና ጡንቻውን በመድኃኒት የሚያሳድገውን፣ ያለ ርኅራኄ እንቅጣ፤ እርሱ የሌላውን እንጀራ ነጥቋልና። ራሱን የሚጎዳውን ግን በተጻፈና በታወቀ ደንብ ወደ ሐኪም እንላክ። የአገራችን የስፖርት ባለሥልጣኖችም ስለ ጫት ያለውን ልዩነት በዓለም መድረክ ያንሡ፤ እስከዚያው ድረስ ሯጮቻችን ይህን ሕግ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን አስቀድመው እንዲያውቁት ይደረግ። ከገጠር መጥቶ በእግሩ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ልጅ ጎረቤቱ ሁሉ የሚቅመው ቅጠል 2 ዓመት ሊያስከፍለው እንደሚችል ከቅጣቱ ደብዳቤ ላይ ሊማረው አይገባም።

እኛም ተማሪዎች ከንፈራችንን ብቻ መጠን አንለፍ። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን በጫት የሚያነጉ ጓደኞች አሉን። ከመካከላቸው አንዱ እንቅልፍ ቢያጣና ከትምህርቱ ቢሰናከል «ዱርዬ ነው» ብለን እንፈርድበታለን ወይስ ክንዱን ይዘን ወደ ክሊኒክ እንወስደዋለን? በር ላይ ቆመን ለሩቅ ስፖርተኛ የምንሰጠው ፍርድ መኝታ ክፍላችን ገብቶ ሲጠብቀን መልሳችን ምን ይሆን?