በያይነቱ ባሕር ተሻገረ፤ ክራሩስ?

«ምን እበላለሁ? ክሬ ቢበጠስስ ከየት አመጣለሁ?»

ወዳጄ ክራር ተጫዋች ናት። ከባንዷ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ልትወጣ ነው። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ አቴንስ። ጉዞው ሙሉ ለሙሉ ሁዳዴ ላይ ወድቋል። የተቀመጥነው ደምበል አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ሲሆን፣ ዕለቱ ዓርብ ስለነበር በዙሪያችን ያለው ገበታ ሁሉ በያይነቱ ነው።

«የምግቡን ነገር ቀድመውሽ የሄዱ ሰዎች ጨርሰውታል» አልኳት። «እኔን የሚያሳስበኝ ክርሽ ነው።»

«55 ቀን እኮ ነው! የሆቴል ቁርስ ማለት እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት ነው ይሉኛል።»

«ቁርሱስ እውነትሽን ነው፣ ያስቸግራል። ዳቦው ሳይቀር ወተት ሊኖርበት ይችላል። አጃ ካላቸው በውኃ ሥሩልኝ በያቸው። ከቤትሽ በሶና ቆሎ ያዢ፤ ስትደርሺ ግን ምግብ መያዝሽን ለጉምሩክ ሳትደብቂ ተናገሪ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ‹አትክልት ተመጋቢ ነኝ› ብለሽ ብቻ እንዳታልፊ። ቪጂኤምኤል የሚባለውን አስመዝግቢ፣ እሱ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የለበትም። ቪኤልኤምኤል እንቁላልና ወተት አለው። ኤቪኤምኤል የህንዶቹ ነው፤ ቅመሙ ደስ ይልሻል፣ እርጎና አይብ ግን ሊገባበት ይችላል። ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ካልተመዘገበ ደግሞ አያደርሱልሽም።»

«ዋሽንግተንስ?»

«ዋሽንግተን ከገባሽ ቤትሽ ነሽ። በ1978 እ.ኤ.አ. ‹ማማ ደስታ› የሚባል ምግብ ቤት ከተከፈተ በኋላ አዳምስ ሞርጋን በሚሉት ሰፈር የሐበሻ ቤቶች ተደረደሩ። ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ጎዳና ወረዱ፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተበተኑ። የትኛውም ቤት ብትገቢ የጾም በያይነቱ አለ። ጾመኛው ሐበሻ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ሥጋ የተወ አሜሪካዊ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ምስሩ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ሽሮው ቅቤና ወተት ሳይነካው እንዲጣፍጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ባትሠራልን ኖሮ እናቶቻችን ይህን ሁሉ ወጥ በዘይት የማብሰል ጥበብ ባላካበቱት ነበር። የውጭው ዓለም ‹ቪጋን› ብሎ ገና ሲጀምር እኛ ዘንድ የተሟላ ገበታ ነበር። ይህን የማወራው በኩራት ነው።»

«ለንደን?»

«ለንደን ዩስተን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ድራመንድ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ። የደቡብ ህንድ የአትክልት ምግብ ቤቶች አሉበት። ዶሳ የሚሉትን ቂጣ እዘዢ፣ ግን የተነጠረ ቅቤ እንዳይነካው አስጠንቅቂ። እነሱ ወተትና ቅቤ ከአትክልት ምግብ ጋር አይጣላም ብለው ነው የሚበሉት። አቴንስ ስትደርሺ ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው የዐቢይ ጾም ላይ ናቸው። ‹ኒስቲሲሞ› በያቸው፤ የጾሙን ምግብ ያወጡልሻል። ባቄላ፣ የወይራ ፍሬ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ታሂኒ። ነገር ግን እነሱ ዘንድ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ጾም አያስፈታም፤ ሳህኑ ላይ ብታዪው አትደንግጪ፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው።»

ሳቀች። «እሺ፣ ሆዴን አሳረፍከው። አሁን ወደ ክራሬ።»

ክራሯ ኤሌክትሪክ ነው። ገበቴው ላይ ፒካፕ የሚባለው ድምፅ መያዣ ተገጥሞለታል፣ ክሮቹ ብረት ናቸው።

«ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮው ቀይ መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ዊተን ነው» አልኳት። «እዚያ ቸክ ሌቪንስ የሚባል ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር አለ። በ1958 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነበር የተከፈተው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ሱቁ ወደመና ባለቤቱ ወደ ዊተን አዛወረው። አስቢው እንግዲህ፤ ምሳሽን ሽሮ በልተሽ በሁለት ፌርማታ ጊታሩ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ኪቦርዱ የተደረደረበት ቤት ትገቢያለሽ።»

«የክራር ክር አላቸው?»

«ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ‹የክራር ክር› ብለሽ ብትጠይቂ ማንም አይገባውም። የጊታር ክር ግን በነጠላ ይሸጣሉ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የእያንዳንዱን ክር ውፍረት አስለክተሽ ጻፊ፤ ቁጥሩን ካሳየሻቸው በደቂቃ ያወጡልሻል። ለንደንም እንደዚያው ነው። ዴንማርክ ስትሪት የሚባለው አጭር መንገድ የጊታር ሱቆች መንደር ነው። ሰፈሩ በአዲስ ግንባታ ተነካክቶ ሱቆቹ ቢቀንሱም አሉ። ሮሊንግ ስቶንስ የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀዱበት ሪጀንት ሳውንድ ዛሬ የጊታር ሱቅ ሆኗል። ከድራመንድ ስትሪት በእግር ትደርሺበታለሽ። ሌላው አውሮፓ ላይ የቸገረሽን ነገር ቶማን ከሚባለው የጀርመን መደብር በኢንተርኔት አዝዘሽ የዝግጅትሽ አዘጋጆች ቤት ማስላክ ነው፤ መቀመጫው ትሬፐንዶርፍ የሚባል የባቫሪያ መንደር ነው፣ ከዚያ ሆኖ ለአህጉሩ ሁሉ ይልካል።»

«ክሩ ተገኘ እንበል። ቆዳው ቢተረተርስ? ብርኩማው ቢሰበርስ?»

«አይገኝም።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ልክ ነበር፤ ጭንቀቱ ያለው እዚያ ነው። የሚቀየረውን ነገር ፈረንጅ አገር ታገኛለች። የማይቀየረውን ይዛ መሄድ አለባት።

«ክራሩን ከእጅሽ አትለዪ» አልኳት። «ወደ አሜሪካና ከአሜሪካ በሚበሩት የአሜሪካ አየር መንገዶች ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕግ አለ፤ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ሲገቡ ከላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍት ቦታ ካለና ከበቃው ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ስለዚህ ቀድመሽ ግቢ፣ ቦታው ሳይሞላ። ሌሎቹ አየር መንገዶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፣ ጠይቂ። ከዚህ ስትወጪ ደግሞ መሣሪያሽን ቦሌ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቢ፤ ስትመለሺ አዲስ ገዝታ ያስገባች እንዳትባዪ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ደግሞ ማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጪው። በክረምታቸው የቤቱ አየር ደረቅ ነው፣ ቆዳው ይወጠራል፣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ መቃኛው ይላላል። መድረክ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ክፍሉን ለምዶ ይቆይ።»

ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች። እኔ ደግሞ ወሬው ወሬ አመጣብኝ፤ ከተቀመጥንበት ብዙ ሳይርቅ ካዛንቺስ አጠገብ ሒልተን አለና ዋልያስ ባንድን አነሣሁባት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሒልተን ቤት ባንድ ነበሩ። በ1981 አሜሪካን ሊዞሩ ሄዱ፤ ተመልካቻቸው አብዛኛው ስደተኛ ሐበሻ ነበር። ከመካከላቸው ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕዶ ብቻውን አልበም ቀዳ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ አልበም በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም ፈልጎት መጣ።

«ኪቦርድ ተጫዋች ስለሆነ ነዋ!» አለች። «ሙግም ሮድስም እዚያው ይሸጣል። ክራር ተጫዋች ቢሆን ኖሮስ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ግን ትክክል ናት። ስደት ላይ ሙዚቃን ማቆየት መሣሪያ ማግኘት ነው። በዘመናዊ መሣሪያ የሚሠራው ወገን መለዋወጫውን ከየትም ያገኛል። እርግጥ የራሱ ጣጣ አለው። ባንዷ ከአሜሪካ ኪቦርድ ይዞ ቢመጣ ብዬ የነገርኳትን እናንተም ስሙት። የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ በሰከንድ 60 ዙር ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ዙር። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፣ ዙሩን ግን አይነካውም። ለአብዛኛው ዘመናዊ ኪቦርድ ግድ የለውም። የድሮው የሃመንድ ኦርጋን ግን ድምፁን የሚያወጣው በዚያ ዙር በሚሽከረከር ሞተር ነው። የአሜሪካውን አዲስ አበባ አምጥተሽ ብትሰኪው ሙሉ ቅኝቱ አንድ ድምፅ ተኩል ያህል ይወርዳል። በውድ ዋጋ ተገዝቶ ከባንዱ ጋር የማይስማማ ኦርጋን ማለት ነው።

«ወደ ክራሩ ተመለስ» አለች።

«ክራሩ ጋ ልመለስ። በቅርቡ አንድ የውጭ አገር ባስ ተጫዋች እዚሁ ደምበል አካባቢ አርፎ ነበር። ሥጋ አይበላም። የመጣበት ዕለት ረቡዕ ነበር፤ ከሆቴሉ ወጥቶ መጀመሪያ ባገኘው ቤት በያይነቱ በላ። ማንንም አልጠየቀም። ከዚያ ‹ጥሩ ክራር የት ልግዛ?› አለኝ። ቸርችል ጎዳና ወሰድኩት። በስጦታ ዕቃ ሱቆቹ ክራር ሞልቷል፣ ቀለም የተቀባ፣ በዛጎል ያጌጠ። አንሥቶ ሲቃኘው ብዙው አይቃኝም። ለግድግዳ የተሠራ ነው። የሚጫወቱበትን ክራር የሚሠራው ሰው ሱቅ የለውም፤ ስልኩን የሚያውቀው ተጫዋቹ ነው። ደውዬ፣ አስደውዬ፣ ቤቱ ሄደን፣ ሠሪው ገበቴውን ገና እየፈለፈለ አገኘነው። እንግዳው ሥራውን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ግን አውሮፕላኑ ደርሶበት ባዶ እጁን ሄደ።»

«እኔም የእኔን ያገኘሁት እንደዚያው ነው። በሰው።»

«በገናውም እንደዚያው ነው። አሥር አውታር፣ ከበግ አንጀት የተፈተለ፤ ድምፁን የሚያነዝሩት እንዚራዎች ከቆዳ የተቆረጡ። የሚደረደረው በብዛት በዚሁ በሁዳዴ ነው፤ ምግቡም ዜማውም አንድ ወቅት አላቸው። ዓለሙ አጋ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ የእሳቸው በገና ‹ኢትዮፒክስ› በሚባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ እትም 11ኛው ላይ ወጥቶ ዓለም ሰምቶታል። የሰማው ሰው መሣሪያውን ለመግዛት ቢፈልግ ግን ወዴት ይሂድ? ሲዲው ፓሪስ ይሸጣል፣ በገናው የለም።»

ምግባችን አለቀ። እጃችንን ታጥበን ተመለስን፣ ቡና አዘዝን።

«ታዲያ ሽሮው እንዴት ተሻገረ?» አለች፤ ራሷን እንደምትጠይቅ ነው።

«ሽሮው የተሻገረው ሙያው ያላቸው ሴቶች አብረው ስለተሻገሩ ነው። ማሰሮ አልያዙም፣ ምጣድ እዚያው ተሠራ፣ ጤፍ ሲጠፋ ከሌላ ዱቄት ጋር ቀላቀሉት። እጃቸው ነበር ዕቃው። ኪራይ ከፍለው በር ከፈቱ፣ ዋጋ ጽፈው ለጠፉ፣ የማያውቀው ሰው ገብቶ እንዲበላ አደረጉ። ክራር ሠሪያችን ግን በር አልከፈተም። የሚከፍትለትም ሰው አላገኘም። በሌላ አገር መሣሪያ ሠሪ ስሙ በመሣሪያው ላይ ተቀርጾ፣ ተጫዋቹ ‹የእገሌ ሥራ ነው› ብሎ ይኮራበታል። እኛ የአስናቀች ወርቁን ጣት እናውቃለን፤ ክራሯን ያቆመላትን ሰው ስም የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«ሰፈሩም ፈረሰ እኮ።»

ካዛንቺስን ማለቷ ነው። አዝማሪ ቤቶቹ የነበሩበት፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንድቃን የባህል ማዕከል ያደረገበት ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ሕንፃ ይቆማል። እኔ ሕንፃ አልጠላም። ደምበል ራሱ በጊዜው እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ሰው ‹ደምበል ጋ እንገናኝ› ይላል። ነገር ግን በእነዚህ አዳዲስ ሕንፃዎች ምድር ቤት ጫማና ስልክ መሸጫ ሲከፈት አንዷ ክፍል ብቻ የመሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የበገና ብትሆን ምን አለበት? ሠሪው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ የሚጠግንባት፣ ክርና ቆዳ የሚገኝባት፣ እንግዳው በያይነቱን በልቶ በእግሩ የሚደርስባት። ኪራዩን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሸከም አካል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የቦሌ መንገድን ኪራይ ክራር አይከፍለውም። ከተማዋ ለባህል ብላ ብዙ ስታወጣ አያለሁ፤ ይህ ከዚያ ሁሉ የሚረክስ ነው።

ወዳጄ እየሰማችኝ አልነበረም፤ ሌላ ሐሳብ ይዟታል።

«ክራር የሠራልኝ ሰው ሁለት የተጨረሱ አሉት» አለች። «አንዱን ለመጠባበቂያ እይዛለሁ። ሌላውን ዊተን ወስጄ ‹ትሸጡልኛላችሁ ወይ?› ብላቸውስ?»

«እንቢ ቢሉሽ?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንዱ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አሰቅለዋለሁ። ግን የሚቃኝ ሆኖ፣ ሰው አውርዶ እንዲሞክረው።»

«እንግዲያው ወረቀት እሰሪበት። የሠሪው ስም፣ የሠራበት እንጨት፣ የክሮቹ ውፍረት። አራቱ ቅኝቶችም ይኑሩበት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል፣ እያንዳንዱ ክር በምን ድምፅ እንደሚቃኝ። ያለዚያ ገዝተው መልሰው ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅሉት።»

«ዋጋውንስ ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«እሱን እኔም አንቺም አንቆርጥም። አሁኑኑ ደውዪለትና ጠይቂው።»

ስልኳን አወጣች።