የስክሪን ጎል

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ከፕሌይስቴሽን ቤት የወጣ ጎረምሳ የ5 ለ0 ድሉን ከስክሪኑ ላይ በሞባይሉ ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ይልካል። ክርክሩ ይጦፋል። «ሥራ ፈቶች!» የሚል አይጠፋም። ኧረ ለመሆኑ ምን ያድርጉ? ዋልያዎቹ በዚሁ ከተማ ስታዲየም መጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ0 ረትተው ነበር። በ2014 ግን ካፍ ስታዲየሙን አገደ። ግብጽን 2 ለ0 ያሸነፉበት የዚያው ዓመት «የሜዳቸው» ጨዋታ ማላዊ ላይ ተካሄደ! በጌሙ ውስጥም ቢሆን አርሰናልና ማንቸስተር እንጂ የጣና ሞገዶቹ የሉም። ልጆቹማ ፍቅሩ አላቸው፤ አይወቀሱም። መወቀስ ያለበት ዋልያዎቹን በደጃቸው እንዳያዩ ያደረገው ነው። የስታዲየሙን ፎቶ ያገኘ ልጅ የስክሪኑን መቼ ያነሳል?