ለእኅትዎ ከመክፈልዎ በፊት

በሜሪላንድ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ በመኪና ማቆሚያ ተቀጥረው የሚሠሩ አንድ አንባቢያችን ጽፈውልናል። የክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ዕዳቸው ከዓመት ገቢያቸው በልጧል፤ የባለገንዘቦቹ ስልክም ከጧት እስከ ማታ ይጮኽባቸዋል። «የኪሣራ ማመልከቻ ላገባ አስቤአለሁ፤ ጠበቃ እንዴት ልምረጥ? አስቀድሜ ግን እኅቴ ያበደረችኝን 6,000 ዶላር ልመልስላት፤ የርስዋ ገንዘብ ከባንኮቹ ጋር አብሮ ሲቀር ኅሊናዬ አይፈቅድም» ይላሉ።

አሳቡ የጨዋ ሰው አሳብ ነው። ቢሆንም ወዳጄ ሆይ፤ ጠበቃ ሳያነጋግሩ ሰባራ ሳንቲም አይክፈሉ። በአሜሪካ የኪሣራ ሕግ፤ ባለዕዳው ከማመልከቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመዱ ዕዳ ከፍሎ እንደ ሆነ፤ ትረስቲ የሚባለው የንብረት ጠባቂ ገንዘቡን ከዘመድየው እጅ አስመልሶ ለባለገንዘቦቹ ሁሉ ሊያካፍለው ይችላል። ለባዕድ አበዳሪ የተከፈለ ሲሆን ጊዜው 90 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ እኅቴን ጠቀምኩ ብለው ክስ ሊያመጡባቸው ነው። መኪናን በወንድም ስም ማዛወርማ የባሰ ነው፤ ዕዳው ጨርሶ እንዳይሠረዝ ሊያደርግ ይችላል።

ብድሩን መደበቅም አይቻልም። ማመልከቻው በመሐላ ቃል የሚፈረም ነውና፤ ያለ ውል የተወሰደ የዘመድ ብድርም ሆነ ዕቁብ ወጥቶ ያልተከፈለ ቀሪ ይጻፍበታል። የኛ ሰው በዚህ እንደሚያፍር እናውቃለን። ነገር ግን ዕዳው ከተሠረዘ በኋላ በገዛ ፈቃድዎ ለእኅትዎ ቢከፍሉ ሕጉ አይከለክልዎትም።

ወደ ጠበቃው እንመለስ። ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ንግግር ገንዘብ አይጠይቁምና፤ ሁለት ሦስቱን ያነጋግሩ። ለዘመድ ስለ ተከፈለ ገንዘብ ሳይጠይቅ ቶሎ እንፈርም የሚለውን ይተዉት። ጥቂት ወራት የሚፈጀው ምዕራፍ 7 ይሻልዎት እንደ ሆነ፤ ወይም ከ3 እስከ 5 ዓመት በየወሩ የሚከፈልበት ምዕራፍ 13፤ ምክንያቱን በሚገባዎት ቋንቋ ያስረዳዎት። የምዕራፍ 7 ጠበቃ ዋጋውን ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ ይቀበላል፤ አይክፋዎት፤ ሳይከፈለው ከቀረ የርሱም ገንዘብ ከሌሎቹ ዕዳዎች ጋር ሊሠረዝበት ይችላልና። የፍርድ ቤቱ ክፍያ ለብቻው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. 338 ዶላር ነበር። የልጅ ቀለብና ብዙውን ጊዜም የትምህርት ብድር እንደማይሠረዝ ይወቁ።

በርካሽ ዋጋ ቅጽ እንሞላለን ከሚሉ ይጠንቀቁ። ጠበቃ ያልሆነ ሰው የነገሩትን ከመጻፍ በቀር የሕግ ምክር መስጠት አይችልም። የጠበቃውን ፈቃድ ከክፍለ ግዛቱ መዝገብ በነፃ መመርመር ይቻላል፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነም ነፃ የሕግ ርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ።

ጉዳይዎ የሚታየው በግሪንበልት ባለው የኪሣራ ፍርድ ቤት ነው። ትረስቲው በመሐላ በሚጠይቅዎት ዕለት እንግሊዝኛው እንዳያስቸግርዎት፤ አስተርጓሚ በስልክ በነፃ ይቀርባልና ጠበቃዎ አስቀድሞ ያስታውቅልዎ።

ለቀጠሮው የ6 ወር የደመወዝ ወረቀት፤ የግብር ወረቀትና የደረሱዎትን የክስ ደብዳቤዎች ሁሉ፤ ያልከፈቷቸውንም ጭምር፤ ይዘው ይሂዱ። እኅትዎ ያበደሩዎትንም ቀንና መጠን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።