የአንኮበር ቁልቁለትና የካምቢዮ ዘይት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ማልደን ስንጓዝ፣ ብርድ የመታው ካምቢዮ ማርሽ አልቀበል ሲል አይተናል። ለዚህ አንዱ ምክንያት «ወፍራም ዘይት ይሻላል» የሚለው ልማድ ነው ብለን እናምናለን። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። 75ደብልዩ-90 እና 80ደብልዩ-90 በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ የውፍረት ደረጃ ቢመደቡም፣ በብርድ ጊዜ በቀላሉ የሚፈስሰው የመጀመሪያው ነው።

ውፍረት ብቻውን ግን አይበቃም። ለዲፈረንሻል የሚስማማው ጂኤል-5 ያለው የድኝ ውህድ የአንዳንድ ካምቢዮዎችን የናስ ማመሳሰያ ቀለበቶች ሊበላ ስለሚችል፣ ጂኤል-4 በታዘዘበት ሊተካ አይገባም። ቀለበቱ የተበላ ካምቢዮ ማርሽ በወጉ አይቀበልም፤ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ፍሬንን የሚያግዘው በጊዜ የገባ ከባድ ማርሽ ነው። ስለዚህ ዘይት በልማድ ሳይሆን በአምራቹ መመሪያ ይመረጥ እንላለን።