በሽታው ስም አለው

አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ጤና ያለበት የመጀመሪያ ግዴታ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ሆስፒታል መሥራት፣ ሐኪም ማሠልጠን፣ መድኃኒት ማስመጣት ብለን እንመልሳለን። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አገራችን ደግሞ ድኃ ናት ይባላል። እኛ ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከሁሉም የሚቀድም ግዴታ አለ እንላለን። ይኸውም ሕዝቡን የያዘውን በሽታ በስሙ መንገር ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በጋምቤላ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ሲዛመት፣ ከመንግሥት በኩል የሚሰማው ቃል «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» የሚል ነበር። ከበሽተኞች በተወሰደ ናሙና የኮሌራ ተሕዋስ መገኘቱን የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች ቢናገሩም ስሙ አልተለወጠም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አዲስ አበባም ታመመች፤ ያን ጊዜ ረጅሙ ስም አጥሮ «አተት» ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ድርቅ ያደቀቀው የሶማሌ ክልል ክፉኛ ተጠቃ፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ሲታመሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። አሁንም አተት ነው ተባለ። ወሰኑን ተሻግሮ በሶማሊያ ግን ኮሌራ ይባል ነበር። እንግዲህ ሁለት ዘመዳሞች ከአንድ ኩሬ ጠጥተው አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ቢወድቁ፣ የአንደኛው በሽታ ስም ነበረው፣ የሁለተኛው ግን አልነበረውም ማለት ነው።

ለዚህ አሠራር ጠበቃ የሚቆሙ አሉ፤ ከነዚህም ውስጥ በሕክምና ትምህርት ላይ ያሉ ጓደኞቻችን ይገኙበታል። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። «ስሙ ምን ያደርጋል? ሕክምናው አንድ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሰውነቱ የደረቀ በሽተኛ ጨውና ስኳር በልክ የተቀላቀለበት ውሃ ይጠጣል፣ የጠናበትም ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ኮሌራ ጠንቶባቸው ካልታከሙት እስከ ግማሽ የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜ ከታከሙት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም።

ነገሩ ሁሉ ያለው ግን «በጊዜ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተቅማጥ በየቤታችን የታወቀ እንግዳ ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው ጥርስ ሊያበቅል ነው ይባላል፤ ትልቁንም ሰው ምግብ ካልተስማማው ያስቀምጠዋል። እናት አጥሚት ሠርታ «ነገ ይሻለዋል» ብላ ታስተኛዋለች። ኮሌራ ነገን አይጠብቅም፤ ጠዋት በእግሩ የሄደውን ጎልማሳ እስከ ማታ ሊገድለው ይችላል። በመንደሯ ኮሌራ መግባቱን የሰማች እናት ልጇን አዝላ በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። ተቅማጥ ነው የተባለችው እስኪነጋ ትቆያለች። ሐኪሙ ዘንድ ለደረሰው ሕክምናው አንድ ነው፤ እኛ የምንናገረው ስላልደረሰው ነው።

ክትባቱም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ወረርሽኝ ለገባባቸው አገሮች የሚታደል የኮሌራ ክትባት በዓለም መጠባበቂያ ተቀምጧል። ከዚህ ክምችት የሚሻ መንግሥት ኮሌራ እንደ ገባበት ማስረዳት አለበት። ለአተት የተሠራ ክትባት በዓለም ላይ የለም።

ላቦራቶሪው ሩቅ ነው የሚለው ምክንያት ብዙ አያቆየንም። ወረርሽኙ ኮሌራ መሆኑን ለማወቅ የእያንዳንዱ በሽተኛ ናሙና አይመረመርም፤ ከጥቂቶቹ ተሕዋሱ ከተገኘ ይበቃል። ደግሞስ አዲስ አበባ ከየትኛው ላቦራቶሪ ነው የራቀችው?

እውነተኛው ምክንያት ንግድና ቱሪስት መሆኑን የማያውቅ የለም። እዚህ ላይ ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ፔሩ ኮሌራ እንደ ገባባት ሳትሸሽግ ተናገረች። ምርቷን የሚገዙ አገሮች በር ዘጉባት፣ ጎብኚም ቀረባት፤ ኪሳራዋ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተቆጠረ። የጤና ሚኒስትሩ ጥሬ ዓሣ አትብሉ ሲሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ፉጂሞሪ የዓሣ ገበያውን ለማዳን በቴሌቪዥን ፊት ጥሬ ዓሣ በሉ፤ ሚኒስትሩም ሥራቸውን ለቀቁ። (ጥሬ ሥጋ የምንወድ እኛ በፔሩ ባንስቅ ይሻላል።) ነገር ግን በዚያ ዓመት ከታመሙት ከ320 ሺህ በላይ ሰዎች የሞቱት 3 ሺህ አይሞሉም፤ ከመቶ አንድ አይደርስም። እውነት የተናገረውን አገር በንግድ የሚቀጡ ሀብታሞች ግፈኞች ናቸው፤ ይህንንም አብረን እንቃወማለን። ይሁን እንጂ የእውነቱን ዋጋ ነጋዴውና ግምጃ ቤቱ ይከፍላሉ፤ የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው የኩሬ ውሃ የሚጠጣው ነው። ምን ጊዜም ሁለተኛው ይክፈል ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ዝምታው የአንድ መንግሥት ጠባይ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሲሸሸግ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ግቢ ውስጥ የረኃቡን ፎቶግራፎች አምጥተው ያሳዩት መምህራን ነበሩ። ዘውዱ ሄደ፣ ደርግም ሄደ፤ መሸሸጉ ግን መዝገብ ቤት እንደ ተረሳ ፋይል ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ኖረ።

«በ2011 ዓ.ም. እኮ መንግሥት ኮሌራ ብሎ ተናገረ፤ ዛሬ ምን ያስጮኻችኋል?» የሚለን ይኖራል። መናገሩን እናመሰግናለን። ከባሌ በኩል ተነሥቶ በ2015 ዓ.ም. በብዙ ክልሎች የተሰራጨውም በስሙ ተጠርቷል፣ ክትባትም ተሰጥቶበታል። ስም መጥራት ንጹሕ ውሃን እንደማይተካም ያው ዓመት አሳይቶናል፤ ውሃ የሌለበት ቀበሌ ነገም ይታመማል። የምንፈራው ግን በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ የመጣ ነገር በሌላ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይሄድ ነው። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት፣ ለሌሎች አገሮች ሊያሠጋ ይችላል የተባለ ወረርሽኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ይገለጻል። ለጄኔቫ በ24 ሰዓት የሚነገረው ለወረዳው ሕዝብስ በስንት ሰዓት ይነገር? የላቦራቶሪው ውጤት እንደ ደረሰ፣ የማንም ሚኒስትር ፊርማ ሳይጠበቅ፣ በሬዲዮና በየቤተ እምነቱ በየቋንቋው እንዲነገር እንጠይቃለን። የታመመውና የሞተው ቁጥርም በየወረዳው በየሳምንቱ ይውጣ።

የሕክምና ፋኩልቲ መምህራኖቻችን በዚህ ጉዳይ ያላቸውን አሳብ በጽሑፍ እንዲሰጡን በአክብሮት እንለምናለን። «ሕክምናው አንድ ነው» ያላችሁን ጓደኞቻችንም መልሳችሁን አዘጋጁ፤ ለሚቀጥለው እትም ቦታ ተይዞላችኋል።