ከርዳዳ ፀጉር ኃጢአት አይደለም

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥1-6

በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት መድረክ ላይ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ዘማሪዋ ፀጉሯን በካውያ ተተኩሳ ወይም በኬሚካል አለስልሳ ከመጣች «ንጹሕ ናት፤ ለአገልግሎት ተዘጋጅታለች» ይባላል። ጎፈሬዋን አበጥራ ከመጣች «ምነው ፀጉርሽን ሳትሠሪ?» ትባላለች። ሹርባ ተሠርታ ከመጣች ደግሞ «ዓለማዊ ሆነች» ይባልላታል።

ወገኖቼ፣ ይህ ሕግ ከየት መጣ? ከመጽሐፍ ቅዱስ አልመጣም።

«ጴጥሮስ ከልክሏል» የሚሉ አሉ። በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም «መሸረብ» የሚል ቃል ስላለ ሹርባ በስሙ የተወገዘ ይመስላቸዋል። እስቲ ክፍሉን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሐዋርያው በዚያው ዓረፍተ ነገር ወርቅንም ልብስንም አንሥቷል። ሹርባ በዚህ ጥቅስ ኃጢአት ከሆነ ልብስ መልበስም ኃጢአት ሊሆን ነው! በዚያ ዘመን ባለጸጋ ሴቶች ፀጉራቸውን በአገልጋዮቻቸው እጅ እያስጎነጎኑ፣ ወርቅ እየሰኩበት ሀብታቸውን ያሳዩ ነበር። ጴጥሮስ የተቃወመው ይህንን ነው፤ እውነተኛው ውበት በልብ ውስጥ ያለው ነው ይላል። እንግዲህ ቃሉን ወደ ዘመናችን ብናመጣው ቀድሞ የሚነካው ማንን ነው? በጥቂት ብር ሰፈሯ ሹርባ የተሠራችውን ልጅ ነው ወይስ ለመድረክ ስትል የወር ቀለብ ለሂውማን ሄር የምታወጣውን?

ደግሞስ የናዝራዊው ሳምሶን ፀጉር ሰባት ጉንጉን እንደ ነበረ አላነበብንም? (መሳፍንት 16፥13)። ጉንጉን በራሱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ ለእግዚአብሔር የተለየ ሰው ራስ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመድረክ ሳይሆን ከቤት ነው። እሑድ ጠዋት እናት ልጇን ስታበጥር «ኧረ ይሄ ከርዳዳ! ምነው የአክስትሽን ዞማ በወረስሽ!» ትላለች። ልጅቷ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብታ እግዚአብሔር ድንቅ አድርጎ እንደ ሠራት ትማራለች (መዝሙር 139)። የትኛውን ትመን? ቃሉን የሰማችው ከአስተማሪዋ ነው፤ ስድቡን ግን ከእናቷ እጅ፣ ከሚጎትተው ማበጠሪያ ጋር ነው የሰማችው።

ፀጉር የሚጠቀለለው በሚበቅልበት ቀዳዳ ቅርጽ ምክንያት ነው። የራስ ቆዳ የሚያወጣው ቅባት በጥቅልሉ ላይ እስከ ጫፍ በቀላሉ ስለማይወርድ ፀጉሩ ይደርቃል፤ አየሩ ሲረጥብም ይንጨባረራል። ይህ በሽታም ቆሻሻም አይደለም። ውኃና ቅባት የሚሻ ፀጉር ነው። ለጋ ቅቤ የሚቀቡን እናቶች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር።

ማለስለሻው ኬሚካል ግን ፀጉሩን ከውስጥ አያይዞ የያዘውን ነገር በጣጥሶ ነው የሚያለሰልሰው። ብዙ ጊዜ የራስ ቆዳ ያቃጥላል። አዲሱ ፀጉር ደግሞ እንደገና ከርዳዳ ሆኖ ስለሚበቅል በየጥቂት ወሩ መመለስ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የወጣ፣ ከ33,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙ ሴቶች በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ኬሚካሉ መንስኤው መሆኑን ይህ ብቻውን አያረጋግጥም። ነገር ግን ለመዘመር ሲባል በአንዲት ልጅ ራስ ላይ የምንጭነው ነገር ይህ ከሆነ ቆም ብለን ማሰብ የለብንምን?

ፀጉር መተኮስም ማለስለስም ኃጢአት ነው አልልም። አንዲት እህት ወድዳ ብታደርገው ነፃነቷ ነው። የምቃወመው የክርስቶስን ነፃነት ወስደን ግዴታ ማድረጋችንን ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሕግ ማንም ሰው በተፈጥሮ ፀጉሩ ወይም በሹርባው ምክንያት ከሥራና ከትምህርት እንዳይገለል ከልክሏል። የመንግሥት ሕግ ያፈረበትን መድልዎ ቤተ ክርስቲያን በጽድቅ ስም ልትጠብቀው ነው?

«ታዲያ ንጽሕናስ?» ትሉኝ ይሆናል። ንጽሕና ይኑር! ጎፈሬ ማለት ያልተያዘ ፀጉር ማለት አይደለም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። በደረቁ አይበጠር፤ በውኃ ርሶ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ ሰፋፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ይፈታ። በፎጣ አይፈተግ። ሳይደርቅ ቅባት ይቀባ፣ ሌሊት በሳቲን ሻሽ ይጠቅለል። ሹርባም ግንባር ላይ ተወጥሮ አይሠራ፤ ሲደጋገም ፀጉሩን ከሥሩ ይነቅለዋልና። ይህ ከካውያው ያነሰ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

አንቺም ጎፈሬሽን የምትወጂ እህቴ፣ ተጠንቀቂ። አቤሴሎም በፀጉሩ ውበት የተመሰገነ ነበር (2ኛ ሳሙኤል 14፥25-26)፤ ፍጻሜው ግን ራሱ በዛፍ ተይዞ ነበር። ዞማውም ከርዳዳውም ጣዖት ሊሆን ይችላል። ፀጉርሽን ተንከባከቢው እንጂ አታምልኪው።

የመዘምራን መሪዎች ሆይ፣ ልጅቷ ስትመጣ ፀጉሯን ሳይሆን ሕይወቷን ጠይቁ። እናቶች ሆይ፣ ማበጠሪያውን ስታነሡ በረከት ተናገሩባት።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያለሽ ወዳጄ፣ ቤተ ክርስቲያን መጥተሽ በመልክሽ ተገምግመሽ ከሆነ፣ ያ የክርስቶስ ድምፅ አልነበረም። እርሱ የራስሽ ፀጉር እንኳ ሁሉ የተቈጠረ እንደሆነ ተናግሯል (ማቴዎስ 10፥30)። ሲቈጥር ከርዳዳውን ለይቶ አልተወም። የሞተልሽም ፀጉርሽ ስለተስተካከለ ሳይሆን ስለወደደሽ ነው። እንዳለሽ ነይ።

ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ሥራ ላይ ከመፍረድ ጠብቀን። አሜን።